ለፊልም ያጠባኋት ልጅ

ሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር፤ እኔ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። ስንሻው እባላለሁ፤ ፍኖተ ሰላም ከብት ተራ ደላላ ነኝ። ያን ጊዜ አንድ የእርሻ በሬ አምስት ሺህ ብር ከተጠራበት ገበያተኛው ዞር ብሎ ያየው ነበር፤ ዛሬ በዚያ ብር ግልገል ያገኘ ሰው ሻጩ ሐሳቡን ሳይቀይርበት ነጥቆ ይሄዳል። ሻይ አንድ ብር ነበረች። ከቋሪትና ከሰከላ የሚመጣው ባላገር ገና አረንጓዴ ቁምጣውን ታጥቆ፣ ኮንጎ ጫማውን ተጫምቶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ነበር የሚገባ። ከመናኸሪያው ማዶ ያለው ካሴት ቤት ካሴቱን ትቶ ሲዲ የጀመረበት ጊዜ ነው፤ ባለቤቱ ግን የወደደውን አንድ ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ስለሚደጋግመው ለእኛ ለሰሚዎቹ የተለወጠ ነገር አልነበረም። ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ጉዳይ ማር ፈልጌ ቡሬ ሄጄ ነበር። ነጋዴዋ የባልዲውን ክዳን አንሥታ «ቅመሱት አባባ» አለችኝ። አውራ ጣቴን ነከር አደረግሁና አፌ ሳላደርሰው ቆሜ ቀረሁ። ሴትዮዋ ጠብቃ ጠብቃ «አባባ፣ የሚገዙት ማሩን ነው ወይስ ጣትዎን?» ብላ ሳቀችብኝ። ማሩን ገዛሁ። ጣቴን ግን ቤቴ እስክገባ ድረስ አየሁት።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ሁለት ክረምት የኔታ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ከብት እንጂ ደብተር ስላላየሁ ጠፍቶኝ ነበር። ይህንንም የምጽፈው በስተርጅና እንደገና ተምሬ፣ ቀስ እያልኩ ነው፤ ስለዚህ ያጣመምኩት ቃል ቢኖር አንባቢ ያቃናው። ፊልም ውስጥ የገባሁት በቁጣ ነው። አንድ የቋሪት ሰው በሬውን ሊሸጥ መጥቶ፣ የደምበጫ ገዢ ደግሞ በዋጋው አልንቀሳቀስ ብሎ፣ እኔ መሐል ቆሜአለሁ። ሲያስቸግረኝ ጋቢዬን ከትከሻዬ ገፍፌ መሬት ላይ ጣልኩት፤ «እንዲህ ያለ በሬ እንዲህ ባለ ዋጋ አላስደፍርም» ብዬ ጥዬው ሄድኩ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄጄ ተመለስኩ። ገዢው ጨመረ። አንድ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ልጅ ከኋላዬ ይከተለኛል።

«ጋሼ፣ አሁን የተቆጡት ከምርዎ ነው?»

«ከምሬ ቢሆን ተመልሼ እመጣ ነበር?»

ሳሙኤል ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ፊልም ሊሠራ የመጣ ዳይሬክተር ነው። ሽማግሌ ገበሬ ሆኖ የሚሠራ ሰው አጥቶ ሦስት ቀን ገበያ ሲዞር ከርሟል። «አንድ ወር ቡሬ ይቀመጣሉ፤ አልጋ እኛ እንይዛለን፤ ይከፈልዎታል» አለኝ። ያኔ ቡሬ ደህና ሆቴል በሠላሳ ብር ይታደር ነበር፤ ውኃውም ይሞቃል። ስለ ፊልም የማውቀው ነገር አልነበረኝም፤ ስለ ሙቅ ውኃው ግን ሰምቼ ነበር። ሄድኩ።

የመጀመሪያው ቀን አያድርስ ነው። ካሜራውን ጆሮው እንደከበደ ሰው ስለቆጠርኩት ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ። ሳሙኤል «ቀስ ይበሉ ጋሼ» ይላል፤ እኔ ቀስ ስል ደግሞ የምሞት ይመስላል። በኋላ ነው የገባኝ። ካሜራ ማለት እንደ ገዢ ነው፤ ልትሸጥለት እንደቸኮልክ ካየ ፊቱን ያዞርብሃል። አንተ በሬህን እያሻሸህ፣ እሱን እንዳላየህ ሆነህ ስትቆም ነው ራሱ የሚመጣው። ከዚያ በኋላ ስምንት ፊልም ሠርቻለሁ፤ ትልልቅ ትምህርት ቤት ከተማሩ ልጆች ጋርም ቆሜአለሁ። ከዚህ የተሻለ ነገር የነገረኝ ሰው የለም፤ አንዳንዶቹ ይህችኑ በረጅም ቃል ነው የሚናገሯት። ጭንቄ የነበረው ወረቀቱ ነው። ድርሰቱን ጠርዘው ሲሰጡኝ ጽሑፉ የጤፍ ፍሬ ያህላል። ማንበብ አልችልም ማለት ደግሞ አልወድም። «መነጽሬን ረስቼ ነው» አልኩ። በማግስቱም ረሳሁ። በሦስተኛው ቀን ቤዛ መጣች።

ቤዛ ዋናዋ ተዋናይት ናት። ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ስሟ ገና መጥራት የጀመረበት ጊዜ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ጠባብ ጅንስ ለብሳ ቡሬ ላይ ስትሄድ ባለሱቁ ሁሉ ሚዛኑን ይስታል። ሆቴሉ ጓሮ ተቀምጬ ወረቀቱን ገልብጬ ይዤዋለሁ። አጠገቤ ቁጭ አለችና ቀስ ብላ ከእጄ ወስዳ አቀናችው። «ጋሼ፣ እኔ ብቻዬን ሳጠና አይገባኝም፤ ላንብብልዎና ይስሙኝ» አለች። የእሷንም የእኔንም እየቀያየረች አነበበች። የእኔን ስታነብ ድምፅዋን ወፈር ታደርጋለች። ሁለት ጊዜ ከሰማሁ አይጠፋኝም፤ የሃያ ሰው ጨረታ በጭንቅላቴ ይዤ የምውል ሰው ነኝ። እንዲህ አድርገን በየጧቱ አንድ ወር ሙሉ አጠናን። እኔ ደግሞ የእኛን አገር አነጋገር፣ ባላገር ሴት ሽማግሌ ፊት ስትቆም ዓይኗን የት እንደምታደርገው፣ ነጠላዋን እንዴት እንደምትይዘው አሳየኋት። ፊልሙ አልቆ እስክንለያይ ድረስ ማንበብ እንደማልችል ለአንድ ሰው አልተነፈሰችም። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ውለታ ውሎልኛል፤ እንደዚህ ያለ ዝምታ ግን የሰጠኝ ሰው ጥቂት ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። አባቷ የሞተባትን ሴት ወንድሞቿ ከመሬቷ ይነቅሏታል፤ እሷም መሸሻ ፍለጋ ከአንድ ሽማግሌ ገበሬ ደጅ ትመጣለች። ሽማግሌው፣ ማለት እኔ፣ በፊልሙ ስሜ ጎሹ ነው። ጎሹ የጡት ልጁ ያደርጋታል። ወረቀቱ ላይ «ልጅቱ የሽማግሌውን ደረት ትስማለች» ተብሎ ነበር የተጻፈው። «ይህ እኛ አገር እንዲህ አይደለም» አልኩት ሳሙኤልን። «ታዲያ እንዴት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። አባት የሚሆነው ሰው አውራ ጣቱን ማር ይነክራል፤ ልጅ የሚሆነው ጣቱን ይጠባል፤ ሽማግሌ ቆሞ ይመሰክራል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ከወለዱት እኩል ነው። ይጦራል፣ ይጦሩታል፤ ይቀብራል፣ ይቀብሩታል። ሳሙኤል ደስ አለው፤ ሽማግሌዎቹንም ከዚያው ከቡሬ ዳርቻ፣ ከምንሠራበት ቀበሌ አመጣ። ሦስት ናቸው። ትልቁ አያ ደሴ ይባላሉ፤ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ስንት ደም ያደረቁ፣ ስንት ድንበር የለዩ ሰው ናቸው። እኔም በከብት ነገር አንድ ሁለት ጊዜ ፊታቸው ቆሜ ስለማውቅ ይለዩኛል።

ካሜራው ዞረ። ጣቴን ማር ነከርኩ፤ ቤዛ ተንበርክካ ጠባች። አያ ደሴ ተነሡ። ወረቀት አልተሰጣቸውም፤ «እንደ ልማዳችሁ በሉ» ነው የተባሉት። ዱላቸውን ተደግፈው «ከዛሬ ጀምሮ ቤዛ የስንሻው ልጅ ናት። ስንሻው አባቷ ነው። እሱ ሲቸግረው እሷ፣ እሷ ሲቸግራት እሱ። ይህን ያፈረሰ ዘሩ አይባረክ» አሉ። የቆመው ሰው ሁሉ አሜን አለ።

«ቁረጥ» አለ ሳሙኤል። «አባባ፣ ስሙ እኮ ጎሹ ነው።»

«ጎሹ ማነው?»

«ፊልሙ ላይ ያለው ሽማግሌ።»

«የታለ እሱ?»

«ጋሽ ስንሻው ናቸው ጎሹን ሆነው የሚሠሩት።»

አያ ደሴ አየት አደረጉኝ። «ልጄ፣ እኔ የማውቀው ስንሻውን ነው። ማሩም ያለው በስንሻው ጣት ነው። በማላውቀው ሰው ልመስክር እንዴ?» አሉት። ቢለምናቸው እምቢ አሉ። «እናንተ ቀጥሉ፤ እኔ ጨርሻለሁ» ብለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ ጎሹ እያለ ተካቸው። አንዴ መብራቱ፣ አንዴ ውሻ እየጮኸ፣ አንዴም እኔ ስቄ፣ ሰባት ጊዜ ሠራነው። ሰባት ጊዜ ጠባች። ማታ ወደ ሆቴሉ ስንመለስ ቤዛ መኪናው ውስጥ «ደህና ይደሩ አባዬ» አለችኝ። እስከዚያ ቀን ጋሼ ነበር የምትለኝ። አባቷን አታውቅም፤ እናቷ ጉልት ተቀምጣ ብቻዋን ነው ያሳደገቻት። ደህና እደሪ አልኳት።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለአንጓች እንደ ቀልድ አወራሁላት። እኛ ሦስት ወንዶች ልጆች ወልደናል፤ ሴት አልሰጠንም። አንጓች ጥጥ እየፈተለች ነው የምትሰማ። እንዝርቱን አቆመችው።

«ስንት ጊዜ ጠባች?»

«ሰባት ጊዜ።»

«በሽማግሌ ፊት?»

«በሽማግሌ ፊት።»

«በስምዎ?»

«የመጀመሪያዋን በስሜ። አያ ደሴ ተሳስተው ነው።»

«አያ ደሴ በምስክር ተሳስተው ያውቃሉ?»

«ፊልም ነው እኮ አንጓች።»

«ማሩም ፊልም ነው?» አለችና እንዝርቷን አሾረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ስንት ልጅ አላችሁ ሲላት አራት ትላለች። እኔ ሦስት እላለሁ። አንድ ጊዜ ከቀበሌ ለምዝገባ የመጣ ልጅ በሁለታችን መሐል ተቸግሮ ሦስትም አራትም ሳይጽፍ ወጥቷል።

ፊልሙ ወጣ። ፍኖተ ሰላም ቪዲዮ ቤት በሁለት ብር ሲታይ ጋቢዬን ተከናንቤ ከኋላ ገብቼ አየሁት። ጎሹ ሲሞት አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እያለቀሰች ጉልበቴን ያዘችኝ፤ ዞር ብላ ስታየኝ ጮኻ ተነሣች። ከዚያ ወዲያ ስሜ ጠፋ። መናኸሪያ አያ ጎሹ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አያ ጎሹ። ቡሬ ሻይ ከፍዬ ጠጥቼ አላውቅም። ከደምበጫ አንዲት ሴት ወንድሞቼ መሬቴን ወሰዱብኝ ብላ ደጄ መጥታለች፤ ጎሹ ፊልም ነው ብላት አልሰማ ብላኝ ፍርድ ቤት ድረስ አብሬያት ሄጃለሁ። መሬቷን አገኘች፤ ምን እንደረዳኋት ግን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ዳኛው ሲያየኝ ብቻ ፈገግ ብሎ ነበር። ዝና እንጀራዬን ግን ዘጋው። ገበያ ላይ ጋቢዬን ስጥል ገዢዎቹ ይስቃሉ። «አያ ጎሹ፣ ይህቺን ቁጣ ለካሜራው ይተዋት» ይሉኛል። ሠላሳ ዓመት የበላሁበት ቁጣ በአንድ ፊልም ረከሰ። ሆኖም አላማርርም። በፊልም ምክንያት አውሮፕላን ተሳፍሬአለሁ፤ ልብስ ሰፊ ተንበርክኮ ለክቶኛል፤ አራት ጊዜ በፊልም ሞቼ የራሴን ቀብር ቁሜ አይቻለሁ። ለከብት ደላላ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልግባ። ፊልሙ ከወጣ አምስት ዓመት ገደማ ሆኗል። ቤዛ ስሟ ገንኗል። በየበዓሉ ትደውልልኛለች፤ አባዬ ትለኛለች፤ ደስ እያለኝ «ደህና ነሽ» ብዬ እዘጋለሁ። አንድ ቀን ጋዜጠኛ ጠይቋት «ፍኖተ ሰላም አባት አለኝ» ብላ ተናገረች። ከተማው ይህን ሰምቶ ዝም ይላል? ስንሻው በድብቅ የወለዳት ናት ተባለ። ለከብት ንግድ አዲስ አበባ ይመላለስ የነበረው ለካ ለዚህ ነው ተባለ። የበኩር ልጄ ሞላ ሳይቀር መጥቶ ፊቴ ቆመና «አባባ፣ እውነት እኅት አለችን?» አለኝ። ሰው በወለደው ልጅ ፊት ማፈር ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በዚያው ሰሞን፣ ገበያ ቀን፣ ከብት ተራ መሐል ቆሜ ስልኬ ጮኸ። ቤዛ ናት፤ ድምፅዋ ተሰባብሯል። እናቷ ሞታለች።

«አባዬ፣ ነገ በስድስት ሰዓት ነው የምትቀበረው። በእኔ በኩል የሚቆም ሰው የለኝም። ይመጣሉ?»

ዙሪያዬን አየሁ። ደላሎቹ ጆሯቸውን አቁመዋል። አንዱ ሌላውን በክርኑ ይነካዋል። ያኔ ለእሷ አይደለም የመለስኩት፤ ለእነሱ ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ስሚ ልጄ፣ ያ ለፊልም ነው። እኔ አባትሽ አይደለሁም፤ ይህን ነገር ተይው» አልኩ።

«እሺ ጋሼ፤ ይቅርታ» አለችና ዘጋችው። ጋሼ አለችኝ።

ለአንጓች ነገርኳት። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ነጠላዋን አጣፍታ «ደምበጫ እኅቴ ዘንድ ልሂድ» ብላ ሄደች፤ ስድስት ቀን ቆየች። ተመልሳም ብዙ አላወራችኝም። ቤዛ ከዚያ በኋላ አልደወለችም። በቴሌቪዥን አያታለሁ። አንዴ ከእሷ ጋር እንድሠራ ተጠርቼ ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ ጉልበቴ ደህና ነበር። ፊልሙም እየቀነሰ መጣ፤ ሰው ሁሉ ስልክ ላይ አጎንብሶ ቀረ፤ እኔም ወደ በጎቼና ወደ ጓሮዬ ተመለስኩ። እልኸኛ ሰው ነኝ። ያጠፋሁትን አውቄ እንኳ ይቅርታ ለማለት ዐሥር ዓመት ይፈጅብኛል። በዚህ ነገር ደግሞ ዐሥርም አልበቃኝም።

ባለፈው ወር ነው እንግዲህ። ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው። መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት የሚዘጋበት ጊዜ ነው፤ ሞላ አጥር ሊያጥርልኝ መጥቶ ጓሮ አለ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች በሬን አንኳኩ። ኮትና ጋቢ የለበሱ፣ አንደኛው ቄስ ናቸው። ግቡ አልኳቸው፤ ገቡ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ አልተቀመጡም። ተደርድረው ቆሙ። ሰው ቤት ገብተው ሳይቀመጡ የሚቆሙ ሽማግሌዎች ምን ፈልገው እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን ሴት ልጅ ስለሌለኝ ቤት የተሳሳቱ መሰለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ካሜራውን የት እንደደበቁት ግድግዳውን ሁሉ ቃኝቻለሁ።

ረጅሙ ጀመሩ። ትውልዳቸው ደምበጫ ነው፤ አነጋገራቸው ይናገራል። «አያ ስንሻው፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣን። መንገድ እስኪከፈት ደብረ ማርቆስ አራት ቀን አድረናል። አንድ ልጅ አለን፤ መሐንዲስ ነው፤ ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የኖረ፣ ሰው የማያስከፋ። ልጅዎን ቤዛን ለትዳር ፈልጎ ልኮናል። እሷን ብንጠይቃት አባቴ ፍኖተ ሰላም ነው፤ እሱ እምቢ ካለ እኔም የለሁበትም አለችን።»

አንጓች ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ሞላም ሰው ሲበዛ ሰምቶ አካፋውን እንደያዘ ከጓሮ መጥቷል። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅዎ፤ እንዳይቀየሙኝ። ሰው ብዙ ይላል። ልጅቱን ወልደዋታል?»

«አልወለድኳትም አባ።»

«ታዲያ አባቷ ነዎት?»

ከብት ተራ መሐል ጮኼ የተናገርኩት ነገር ትዝ አለኝ። አይደለሁም ብል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ሽማግሌዎቹም ይመለሳሉ፤ እሷም እምቢ አለ ተብላ ትቀራለች። ነኝ ብል ደግሞ ያን ቀን የት ነበርክ የሚለኝ አለ፤ ማንም ባይለኝ ራሴ እለዋለሁ።

«የጡት አባቷ ነኝ» አልኩ። «ማር ነክሬ፣ በሽማግሌ ፊት፣ በስሜ ነው። የመሰከሩት ሰው ሞተዋል፤ ቃላቸው ግን አለ። አንድ ጊዜ ክጃታለሁ፤ ያንንም እወቁት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ቄሱ «ይህን የሚናገር አባት ነው» አሉ። ሞላ አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና አግዳሚ ወንበሩን አምጥቶ ከኋላቸው አስቀመጠ። እኔ ግን አልቸኮልኩም፤ ወጉ ወግ ነው። «ዘመድ ሳላማክር አልመልስም፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አልኳቸው። ያን ጊዜ ተቀመጡ፤ ጠላ ቀረበላቸው። ረጅሙ ሲወጡ «መንገዱ በሁለት ሳምንት ይከፈት ይሆን?» ብለው ሰማዩን አዩ። ሌሊቱን ሆቴል አድረው ጧት ሊሳፈሩ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ስልክ ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ጣለኝ። በአራተኛው አነሣችው።

«ሽማግሌዎቹ መጡ» አልኳት።

«አስቀመጧቸው ወይስ እንደቆሙ መለሷቸው?»

«አስቀመጥኳቸው። በሁለት ሳምንት ተመለሱ ብያለሁ።»

«እምቢ ማለት ይችላሉ። እኔ አልቀየምም። ሌላ የምልክበት ቤት ስለሌለኝ ነው።»

«ቤዛ፣ እናትሽን ልቀብር አልመጣሁም።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«አልመጡም» አለች።

«የምለው የለኝም። ጥፋቴ ነው። ሰው ይሰማኛል ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። እማማ አንጓች ነግራኛለች።»

«አንጓች? መቼ?»

«ያኔ ነዋ። ለቅሶው ላይ። አምስት ቀን አብራኝ ተቀምጣለች እኮ። ለሚመጣው ሰው ሁሉ እናቷ ነኝ፣ አባቷን አሞት ነው የቀረ ስትል ነበር። አያውቁም?»

ዞር ብዬ አንጓችን አየኋት። ሽንኩርት እየላጠች ነው፤ ቀና አላለችም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደምበጫ እኅቷ ዘንድ የከረመች መስሎኝ ኖሬአለሁ። በየበዓሉም ከእኔ ተደብቃ ስትደውልላት መኖሯን ቤዛ ነገረችኝ። አልተቆጣሁም። ዕዳዬን ቀድማ የከፈለችልኝን ሴት በምን አፌ እቆጣለሁ። ስልኩን እንደያዝኩ «እናትሽ የት ነው የተቀበረች?» አልኳት ቤዛን። የቤተ ክርስቲያኑን ስም ነገረችኝ። «ደህና እደሪ ልጄ» አልኳት። እሷም «ደህና ይደሩ» አለች፤ አባዬም አላለችም፣ ጋሼም አላለችም። ትክክል ናት፤ ገና ነው።

በማግስቱ ጧት በዐሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ደረስን። ሽማግሌዎቹ አውቶብሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔና አንጓች ሁለት ቲኬት ይዘን ስንገባ ረጅሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ልጁን የተጠየቀ አባት ከጠያቂዎቹ ጋር አብሮ ሲሳፈር አይተው አያውቁም።

«ወዴት ነው አያ ስንሻው?»

«ዘመድ አማክራለሁ አላልኩም? ላማክር ነው።»

«ዘመድዎ አዲስ አበባ ነው?»

«አዎን፤ የልጅቱ እናት እዚያ ናት» አልኳቸው። መቃብሩን እኔ አላውቀውም። አንጓች ታውቀዋለች፤ እሷን መስኮት ዳር አስቀመጥኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ።